የወንጀለኛ ባሕርይ ተንታኝ ለመሆን የመርማሪነት ዓመታት ግዴታ ይሁኑ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። ወንጀል ከተፈጸመበት ስፍራ በተገኘው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ያልታወቀውን ፈጻሚ ጠባይ የሚተነትን ባለሙያ፣ አስቀድሞ ለዓመታት በመርማሪነት ማገልገል ይገባዋል ወይስ የሥነ ልቦና ትምህርቱ ይበቃዋል? ክፍያውም ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ አብራችሁ እንድትመለከቱት እጠይቃለሁ።

የቀድሞ መርማሪ፦ እኔ ልምድ ግዴታ ይሁን ከሚሉት ወገን ነኝ። በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ውስጥ ፕሮፋይለር፣ ማለትም የባሕርይ ተንታኝ፣ የሚባል የሥራ መደብ የለም፤ ሥራውን በዋናነት የሚሠሩት በቨርጂኒያ፣ ኳንቲኮ ባለው የባሕርይ ትንተና ክፍል የተመደቡ ልዩ ወኪሎች፣ ማለትም የቢሮው መርማሪዎች፣ ናቸው። ልዩ ወኪል ለመሆን የአገሪቱ ዜግነት፣ የመጀመሪያ ዲግሪና የሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ዕድሜውም ቢያንስ 23 የሞላ፣ ሲቀጠር ግን 37 ያልሞላ መሆን አለበት። ከሥልጠናው በኋላም ቢሆን ወደዚያ ክፍል የሚዘዋወረው በመስክ ለዓመታት ከሠራ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ ምስክር እንዴት እንደሚሳሳትና ማስረጃ እንዴት እንደሚበላሽ በተግባር ያላየ ሰው በመዝገብ ላይ የሰፈረውን ሁሉ አምኖ ይቀበላል።

ለዚህም በለንደን ዊምብልደን ኮመን በተባለ ስፍራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የተገደለችውን የራቸል ኒኬልን ጉዳይ ማንሣት ይቻላል። ፖሊስ የአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ትንተና ተከትሎ ኮሊን ስታግ በተባለ ሰው ላይ አተኮረ፤ ማንነቷን የሰወረች ፖሊስም ሰውየውን ለወራት እንድትቀርበው አደረገ። ዳኛው በ1994 ማስረጃውን ውድቅ አድርገው ስታግን ከግድያው ክስ አሰናበቱት። እውነተኛው ፈጻሚ ሮበርት ናፐር ጥፋቱን ያመነው በ2008 ነው።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ወንድሜ ያነሡት ጉዳይ አሳዛኝ ነው፤ ነገር ግን የልምድን በቂነት አያረጋግጥም። በ1989 አዮዋ በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ በደረሰ ፍንዳታ 47 መርከበኞች ሲሞቱ፣ ልምድ ያካበቱት የኤፍቢአይ ተንታኞች ራሳቸው ከሟቾቹ አንዱ ሆን ብሎ ያደረሰው ነው ብለው ደመደሙ። በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት ጥያቄ ድምዳሜውን የመረመሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አብዛኞቹ መሠረቱን ተቹ፤ የባሕር ኃይሉም በ1991 ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለ አምኖ የሟቹን ቤተሰብ ይቅርታ ጠየቀ። መረጃን የመፈተን ሥርዓት ያልተማረ ሰው ብዙ መዝገብ ስላገላበጠ ብቻ ከስሕተት አይድንም።

የሕግ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም የጠቀሳችኋቸው ስሕተቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ግምት እንደ ማስረጃ ተቆጥሯል። ስለዚህ ከመግቢያ መስፈርቱ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው፣ ተንታኙ የሰጠው ግምት ፈጻሚው ከመያዙ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲቀመጥና በኋላ ከእውነታው ጋር እንዲነጻጸር ማድረግ ነው። ይህ ካልሆነ የተሳካው ግምት ብቻ ይወራል። በ1950ዎቹ በኒው ዮርክ ቦምብ ያጠምድ ስለነበረው ሰው የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ጄምስ ብራሰል የሰጡት ትንተና እስከ ዛሬ ይወደሳል፤ ሆኖም ፈጻሚውን ጆርጅ ሜተስኪን ለመያዝ ያበቃው፣ ሰውየው ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የኤሌክትሪክ ኩባንያ አንዲት ሠራተኛ በቆዩ ፋይሎች መካከል ያገኘችው ደብዳቤ መሆኑ ብዙም አይነሣም።

ክፍያን በሚመለከት ወጣቶች የተጋነነ ግምት ይዘው እንዳይነሡ እሰጋለሁ። የኤፍቢአይ ልዩ ወኪል የሚጀምረው በፌዴራሉ የደመወዝ ስኬል ከ10ኛ ደረጃ ሲሆን የኃላፊነት ቦታ ሳይዝ እስከ 13ኛ ሊደርስ ይችላል፤ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ለሚሠራውም 25 በመቶ ይታከልለታል። በ2024 የ13ኛው ደረጃ መነሻ፣ የአካባቢ ጭማሪውና ይህ ተጨማሪ ክፍያ ሳይታሰቡ፣ በዓመት ከ88 ሺህ ዶላር ጥቂት ይበልጥ ነበር። ይህ ግን የወኪልነት ደመወዝ ነው፤ ለትንተናው ብቻ ተብሎ የሚከፈል የተለየ ስኬል የለም። በግል አማካሪነት ለመሥራት ያሰበም ሰው ገቢው በሚጠሩት መሥሪያ ቤቶች ብዛት ላይ እንደሚወሰን ማወቅ ይኖርበታል።

የቀድሞ መርማሪ፦ ግምቱ አስቀድሞ ይመዝገብ የሚለውን ያለ ማመንታት እደግፋለሁ። በመግቢያው ጉዳይ ግን አቋሜን አልለወጥኩም። የሥነ ልቦና ምሩቅ ከመርማሪ ቡድን ጋር ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይሠራ ስሙን በትንተና ሪፖርት ላይ እንዲያሰፍር ሊፈቀድለት አይገባም፤ በዚያ ወረቀት ምክንያት የሚታሰረው ሰው ከወንጀሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላልና።