የልጄ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ አለ ተባልኩ፤ ማታ ሽሮፑን ልስጠው ወይስ ልተው?

የኤፊ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ብሎኝ ዞሮብኛል። ልጄ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ስጠራው አይሰማም። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪማረር ያስጮኸዋል። አስተማሪውም «ከኋላው ስጠራው አይዞርም» አለችኝ። አንድ ክሊኒክ በመብራት አየት አድርገው «ኢንፌክሽን ነው» ብለው አሞክሳሲሊን የሚባል የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ሰጡን። ዛሬ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ጫፉ ጎማ የሆነ ነገር ጆሮው ውስጥ ሰክተው ወረቀት አወጡና «ፈሳሽ ነው፣ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ በሦስት ወር ተመለሺ» አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሳይሰማ? ሽሮፑ ተበጥብጦ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ካዛንቺስ፦ ዕድሜው?

ባለሦስት፦ ዘይት ለብ አድርገሽ ሁለት ጠብታ። የኔዎቹ በሱ ነው የዳኑት።

የሰፈሩ ሽማግሌ፦ እኔ ጆሮው የታመመ አይመስለኝም። የልጅ ልጄም «እራት» ሲሉት አይሰማም፣ «ካርቱን» ሲሉት ከጓሮ ይሰማል። ስልኩን ቀሚውና እዪው።

የኤፊ እናት፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ከኋላው ሆኜ «አይስክሬም» ብለው እንኳ አልዞረም። 4 ዓመቱ ነው። ትኩሳት የለውም፣ ጆሮዬንም አላለም።

መምህር፦ እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ከታምቡሩ ጀርባ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ። እሱን ከአፍንጫ ጀርባ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ኤውስታኪያን ይባላል፤ ስሙ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ጣሊያናዊ የአናቶሚ ሊቅ ከባርቶሎሜኦ ኤውስታኪ ነው። የልጆች ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ በጉንፋን ቶሎ ይደፈናል። አየር ሲያጣ…

ካዛንቺስ፦ መምህር፣ ሴትዮዋ ያለችው ማታ ልስጠው ነው።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ትኩሳትና ሕመም ከሌለ፣ ታምቡሩም ካልቀላና ካላበጠ፣ ብዙውን ጊዜ ከጉንፋን በኋላ የቀረ ፈሳሽ ነው። ለዚህ አንቲባዮቲክ አይመከርም፣ የአለርጂ ሽሮፕም እንዲሁ። በመብራት ብቻ መለየት ያስቸግራል። በትንሽ የጎማ ፓምፕ አየር ሲገፋበት ጤነኛ ታምቡር ይነቃነቃል፣ ከኋላው ፈሳሽ ያለው ግን ንቅንቅ አይልም። የተሰካለት ቲምፓኖሜትሪ ነው፣ ይህንኑ በግራፍ ያሳያል። ወረቀቱ ምን ይላል?

የኤፊ እናት፦ ቀኝ ቢ፣ ግራ ሲ። የቀኙ መስመር ዝም ብሎ ሜዳ ነው። ኢሲቪ 0.7።

ባለሦስት፦ ዘይት አልኩ እኮ። ጤና አዳም ጣል አርጊበት።

ነርሷ፦ ጤነኛ ጆሮ ተራራ ያወጣል፣ እሱ ኤ ነው። ተራራው ወደ ግራ ከሸሸ ሲ፣ ውስጥ ያለው ግፊት ወርዷል ማለት ነው። ሜዳ ከሆነ ቢ። ግን ሜዳውን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። ኢሲቪ የጆሮው ቀዳዳ ምን ያህል አየር እንደሚይዝ ነው። በጣም ካነሰ ኩክ ደፍኖታል ወይ ጎማው ግድግዳ ነክቷል። በጣም ከበዛ ታምቡሩ ተበስቷል። 0.7 ለሱ ዕድሜ ደህና ነው፣ ስለዚህ ቀኙ ፈሳሽ ይመስላል። ሦስት ወር ያሉሽ አብዛኛው እስከዚያ በራሱ ስለሚጠፋ ነው። ካልጠፋ፣ ወይም ንግግሩ ከዘገየ፣ የመስማት ምርመራ ይሠራለት። እስከዚያው ክፍል ውስጥ ፊት ይቀመጥ፣ ፊቱን እያያችሁ አነጋግሩት። ሽሮፑን ለአንገት በላዩ ሐኪም ደውለሽ አረጋግጪ። ትኩሳት፣ ከባድ ሕመም ወይ መግል ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

ካዛንቺስ፦ ባለሦስት፣ ዘይቱ እኮ ታምቡሩን አያልፍም። ፈሳሹ ሳሎን ነው ያለው፣ አንቺ በረንዳ ላይ ታፈሻለሽ። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ደግሞ ባሰ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የኔ አምስት ወር ጠብቀን አልሄደለት ሲል በማደንዘዣ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ገባለት፣ የአፍንጫ ጀርባ ሥጋውም አብሮ ወጣ። በመኪና ስንመለስ «ማሚ ለምን ትጮኺያለሽ?» አለኝ። ኤፊ ማታ ያንኮራፋል?

ነርሷ፦ እሱን ለሐኪሙ ንገሪያቸው፣ ዋና ነገር ነው።

አዲስ አባል፦ የኔም ልጅ ዛሬ ቢ ተባለ። የኤፊ እናት፣ ምን ደረሳችሁ?

አዲስ አባል፦ ኧረ ሰው የለም?

ካዛንቺስ፦ ዕድሜው?