የገጠር ነዋሪ ድርሻ ቀነሰ ማለት ገጠሩ ሰው አጣ ማለት ነው?

ተማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ የሕንድን የሕዝብ ቆጠራ ሳይ ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1951 ከመቶ ሰው 83ቱ የገጠር ነዋሪ ነበር። በ2011 ወደ 69 ወርዷል። እኔም «ሕዝቡ ወደ ከተማ እየጎረፈ መንደሮቹ ባዶ እየቀሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ በቀይ አስምሮበት «ብዛቱን እይ» ብሎ መለሰልኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሁለት ቀን አፍጥጬበት አልገለጥልህ አለኝ።

ቆጣሪዋ፦
ወንድሜ፣ ድርሻና ብዛት ተምታቶብህ ነው። በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር አየዋለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያናድደኛል። በ1951 የሕንድ ገጠር 299 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበረው። በ2011 ግን 833 ሚሊዮን። ታዲያ ባዶነቱ የቱ ጋ ነው? እስቲ በወረቀት ሞክረው። 80 ሰው ገጠር፣ 20 ሰው ከተማ አድርግ። ከዓመታት በኋላ ገጠሩ 100፣ ከተማው 60 ሆነ እንበል። ድርሻው ከ80 ወደ 62.5 በመቶ ወረደ፣ ገጠሩ ግን 20 ሰው ጨመረ። ከተማው በፍጥነት ስላደገ ብቻ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ የከተማ ሰው ከገጠር የመጣ አይደለም፣ ብዙው እዚያው ከተማ የተወለደ ነው።

ካርታ፦
በዚያ ላይ «ከተማ» የሚባለው ምኑ ነው? ዴንማርክ ውስጥ 200 ሰው ተጠጋግቶ ከኖረ ይበቃል። ጃፓን ውስጥ ከተማ ለመባል በመርህ ደረጃ 50,000 ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ትንሽ ያስቸግራል። ጃፓን ከ1999 እስከ 2010 ከ3,200 በላይ የነበሩትን የአካባቢ አስተዳደሮች እያዋሃደች ወደ 1,700 ገደማ አወረደቻቸው። በ2000 በከተማ አስተዳደር ሥር የነበረው ሕዝብ 79 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2010 ከ90 አለፈ። ተራራ ሥር ሩዙን ሲያርም የዋለ ሽማግሌ ከእርሻው ሳይነቃነቅ መዝገብ ላይ ከተሜ ሆነ። ያንተዋ ሕንድም አለችበት። አስተዳደራቸው የመንደር ሆኖ ቆጠራው ግን መስፈርት አሟልተዋል ብሎ ከተማ ያላቸው ቦታዎች በ2001 1,400 አይሞሉም ነበር። በ2011 3,900 ገደማ ደረሱ። ሰዉ ሳይሄድ ከተማው መጣበት።

ተማሪው፦
አሁን ገባኝ፣ ተባረኩ። ግን በእውነት ገጠሩ ሰው ያጣበት አገር የለም ማለት ነው?

ቆጣሪዋ፦
አለ እንጂ። ቻይናን እይ። በ2000 ቆጠራ የገጠሩ ነዋሪ 807 ሚሊዮን ገደማ፣ በ2010 674፣ በ2020 ደግሞ 510። እዚህ ድርሻውም ብዛቱም አብረው ወረዱ። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ የሄደው ማን ነው የሚለው ነው። ጉልበት ያለው ወጣት ይሄድና አያትና የልጅ ልጅ ቤት ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ ከተማ እየሠሩ የነዋሪነት ምዝገባቸው ገጠር ስለቀረ ልጃቸውን ከተማው ውስጥ ትምህርት ቤት ማስገባት ይቸገራሉ። ስለዚህ የዕድሜውን ሰንጠረዥም ክፈተው፣ ስንት ሰው እንደቀረ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረ የምታየው እዚያ ነው።