ታምፓ ላይ ኢምፓክት መስኮት ማስገባት፦ ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ ማድረግ ያዋጣል?

ጥያቄ (ከታምፓ፣ ፍሎሪዳ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠራ፣ ፎቅ በሌለው የብሎኬት ቤት ሲሆን፣ መስኮቶቹ በሙሉ ስስ ነጠላ መስተዋት ያላቸው ናቸው። በ2024 ሄሊንና ሚልተን የተባሉት ሀሪኬኖች (ከባድ አውሎ ነፋሶች) በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ከመጡ በኋላ፣ ሀሪኬን በተነገረ ቁጥር ኮምፔንሳቶ መምታቱ ስለሰለቸን ኢምፓክት መስኮት፣ ማለትም ሀሪኬንንና ነፋስ የሚወረውረውን ዕቃ እንዲቋቋም በድርብ መስተዋት የተሠራ መስኮት፣ ለማስገባት ወስነናል። ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስቀየር አቅማችን አይፈቅድም። ዘንድሮ ወደ መንገድ የሚያዩትን ብቻ ቀይረን የጓሮዎቹን ለከርሞ ብናቆይ ምን ይመስላችኋል?

መልስ (ከማያሚ፣ በመስኮት ገጠማ ሥራ ላይ ያለ)

የፊቱን ብቻ ቀይሮ ጓሮውን ያለ መከላከያ መተው አልመክርም። ሀሪኬን ሲያልፍ የነፋሱ አቅጣጫ ስለሚዞር፣ መጀመሪያ ከፊት የመታው ኋላ ከጓሮ ሊመጣ ይችላል። አንድ መስኮት ከተሰበረ የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ በላይ የሚያልፈው ደግሞ ወደ ላይ ስለሚስበው ሁለቱ ተባብረው ሊነቅሉት ይችላሉ። የዛሬው ጥብቅ የግንባታ ሕግ የመጣው በኦገስት 1992 አንድሩ የተባለው ሀሪኬን ከማያሚ ደቡብ ያሉትን ሰፈሮች ካወደመ በኋላ ነው።

በማያሚ-ዴድ ካውንቲ ፍተሻ 9 ፓውንድ፣ ማለትም 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞራሌ በሰዓት ወደ 55 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ መስኮቱ ይተኮሳል፤ ከዚያም መስኮቱ በአየር ግፊት 9,000 ጊዜ ይገፋል፣ ይሳባል። መስተዋቱ ቢሰነጠቅ ችግር የለውም፤ የሚፈለገው በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ስብርባሪውን ይዞ ከፍሬሙ ሳይወጣ መቆየቱ ነው። ስለዚህ መስተዋቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር በደንብ ካልታሰረ ገንዘባችሁ በከንቱ ይቀራል። እንደ እናንተ ባለ የብሎኬት ቤት በፍሬሙና በብሎኬቱ መካከል ብዙ ጊዜ እንጨት ይኖራል፤ አሮጌው መስኮት በወጣ ዕለት እንጨቱን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርገው ይዩት። ጫፉ በቀላሉ ከገባ በስብሷልና፣ ሳይቀየር አዲሱ መስኮት እንዳይገጠም። የብሎኑ ርዝመትና በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀትም ከምርቱ ማጽደቂያ ሰነድ ጋር ይመሳከር።

መልስ (ከፎርት ማየርስ)

የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ሁሉንም ባንዴ መቀየር የግድ አይደለም። ዘንድሮ ለመኝታ ክፍሎቹ ኢምፓክት መስኮት አስገብታችሁ፣ ለቀሩት የጸደቀ ተነቃይ የብረት መሸፈኛ ብታዘጋጁ ቤቱ በሙሉ ይጠበቃል። መኝታ ክፍሎቹን የማስቀድመው፣ ከውጭ በብሎን የታሰረ መሸፈኛ ያለበት መስኮት እሳት ቢነሳ መውጫ ስለማይሆን ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ከዚህ የሚቀድም ነገር አይታየኝም። ኢንሹራንሱም በዚህ ረገድ ቅናሽ የሚያደርገው መስኮቶቹና መስተዋት ያላቸው በሮች ሁሉ ጥበቃ ሲኖራቸው ነው፤ የጋራዡን በርም አትርሱት። ማይ ሴፍ ፍሎሪዳ ሆም የተባለው የስቴቱ ፕሮግራም መስፈርቱን ለሚያሟላ የቤት ባለቤት፣ ባለቤቱ ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ 1 ዶላር 2 ዶላር እየጨመረ እስከ 10,000 ዶላር ይደግፋል፤ ነገር ግን ከመፈቀዱ በፊት ለተጀመረ ሥራ አይከፍልም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ከመኝታ ክፍሎቹ እንጀምራለን። አንድ ኮንትራክተር ግማሹን ቀድመን ከከፈልነው ያለ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) በርካሽ እንደሚሠራልን ነግሮናል። በነባሩ መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ስስ የፕላስቲክ ፊልምስ ይበቃ ይሆን?

መልስ (ከማያሚ)

ያለ ፐርሚት የሚለውን አይቀበሉት። አገጣጠሙን የሚያይ ኢንስፔክተር አይኖርም፤ ቤቱን ስትሸጡም ጣጣ ያመጣል። በፍሎሪዳ ሕግ ከ10 በመቶ በላይ ቀብድ የተቀበለ ኮንትራክተር በ30 ቀን ውስጥ ፐርሚት መጠየቅ አለበት። የመጨረሻው ኢንስፔክሽን እስኪያልፍ ድረስም ቀሪ ሒሳብ ይያዙበት። ፊልሙ ስብርባሪ እንዳይበተን ያግዛል እንጂ ደካማውን ፍሬም ስለማያጠነክር፣ እንደ ሀሪኬን መከላከያ አይቆጠርም።