ርካሽ አረንጓዴ ሻይ፦ ቅጠሉ አርጅቶ ነው ወይስ አፈላሌ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የቻይና አረንጓዴ ሻይ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፣ በጣም ግራ ገብቶኛል።

ረከስ ያሉ ሁለት ዓይነት ቅጠሎች ገዛሁ። አንዱ ጋንፓውደር ነው፣ ያ ድቡልቡል ሆኖ የተጠቀለለው። ሌላው ጠፍጣፋ ነው፣ ሎንግጂንግ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። እውነተኛው ሎንግጂንግ የቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ አካባቢ ሻይ ነው፣ በትኩስ ምጣድ በእጅ እየተጫነ ስለሚደርቅ የተቆላ ባቄላ የመሰለ ሽታ አለው። ውዱ ከቺንግሚንግ በዓል በፊት፣ ማለትም ከኤፕሪል መጀመሪያ በፊት የሚለቀመው ስለሆነ በዚህ ዋጋ ያንን አልጠብቅም። ግን ደህና ሻይ መሆኑን እንኳ ማወቅ አቃተኝ።

በ80 ዲግሪ ውሃ ሁለት ደቂቃ ሳቆየው ቀጭን ነው፣ ገለባ ገለባ ይሸታል። ቀማሾች ጉድለቱ እንዲወጣ 3 ግራም ቅጠል በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ እኔም እንደዚያ ሳደርግ መረረኝ፣ ምላስም ያደርቃል። ጋንፓውደሩ ሲፈታ ሙሉ ቅጠል ሆኖ ይወጣል፣ አረንጓዴነቱም አለ፣ ስለዚህ እሱን ወደድኩት። ጠፍጣፋው ግን ስብርባሪ ይበዛዋል፣ ውሃውም ቢጫ ነው። ሱቁ ውስጥ ብርሃን በሚያገኘው የመስታወት ዕቃ ነበር የተቀመጠው፣ አረንጓዴ ሻይን ደግሞ ብርሃንና አየር ቶሎ ያበላሹታል።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ያረጀን ቅጠል ትኩስ ሆኖ ዘግይቶ ከተለቀመ ርካሽ ቅጠል በምን ትለያላችሁ? መጀመሪያ የምታምኑት የደረቁን ሽታ ነው ወይስ የተዘፈዘፈውን ቅጠል? ባዶ ምጣድ ላይ ትንሽ ባሞቀው ሽታው ይመለሳል?