ዊ ዩ ለልጆቼ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የሁለቱ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው። ቤታችን ኒንቴንዶ ዊ የሚባለው የጌም ማጫወቻ ነበረን። ቦውሊንጉን እኔም አባታቸውም ሳንቀር ተጫውተንበታል። አሁን ተበላሸ። አንድ የምናውቀው ሰው ያገለገለ ዊ ዩ ከ6 ጌም ጋር በ120 ዶላር ልሽጥልሽ አለኝ። እኔ ዊ ዩ የሚባለው ለዊ የሚገጠም ተጨማሪ ስክሪን ይመስለኝ ነበር። ሌላ ሰው ስጠይቅ ደግሞ «እሱማ የከሰረ ነው» አለኝ። ዊ እንደዚያ ተወዶ ተከታዩ ለምን ከሰረ? ምክንያቱ ለልጆቼም ችግር ይሆናል?

ዳዊት፦
እህቴ፣ አንቺ ያልሽውን ያኔ ብዙ ሰው ብሎታል። በፈረንጆቹ 2011 ሲያስተዋውቁት ያሳዩት በአብዛኛው ስክሪን ያለውን መጫወቻ፣ ጌምፓዱን ነበር። አዲሱን ሳጥን፣ ማጫወቻውን ራሱን፣ ልብ ያለው ጥቂት ነው። የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ ራሳቸው በ2013 ሰዎች ዊ ዩን ፓድ የተጨመረበት ዊ እያሉ እንደሚሳሳቱ አምነዋል።

ቁጥሩን ተመልከቺ። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዊ ዩ 13.5 ሚሊዮን ግድም ላይ ቆመ። ዊን እዚያ ያደረሱት የጌም ወሬ የማይከታተሉ ሰዎች ናቸው፤ አያቶች፣ እንደ እናንተ ያሉ ቤተሰቦች። ስሙን አይተው «ይሄማ አለን» ብለው አለፉ። ታብሌት የገዛም ብዙ ነበር፤ ልጁ በእሱ ይጫወታል።

ሄኖክ፦
ዳዊት፣ በስሙ ብቻ አታሳብብ። እኔ ያኔ ገዝቼዋለሁ፤ በጣም የጎዳን የጌም እጥረት ነው። በፈረንጆቹ ኅዳር 2012 በ300 እና በ350 ዶላር ወጣ። ጉልበቱ ከሶኒው የቀድሞ ማጫወቻ ከፕሌይስቴሽን 3 ብዙም አይርቅም። ዓመት ሳይሞላ ፕሌይስቴሽን 4 በ400 ዶላር መጣ። ሌሎች ጌም ሠሪዎች ገዢው ትንሽ መሆኑን አይተው ዞር አሉ። ጌም ስለሌለ ሰው አይገዛም፤ ሰው ስለማይገዛ ጌም አይሠራም። ማሪዮ ካርት 8 እስኪመጣ ዓመት ተኩል ጠበቅን! ያው ጌም በ2017 የዊ ዩ ተከታይ ወደሆነው ስዊች ተሻግሮ በአስር ሚሊዮኖች ተሸጠ። ጌሙማ ግሩም ነበር፤ የጠፋው ተጫዋቹ ነው።

ኢዋታ በ2014 መጀመሪያ ሽያጩ ሲወድቅ የራሳቸውን ደሞዝ ለአምስት ወር በግማሽ ቀንሰዋል። ለዚያ ሰው ትልቅ ክብር አለኝ።

ጥገና ላይ ያለሁ፦
እናት፣ አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። የዊ ዲስኮቻችሁን ዊ ዩ ያነባቸዋል። የዊ ሪሞቶቻችሁም ይሠሩበታል፤ ለሪሞቶቹ ስለምታስፈልግ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታስቀምጧትን ዘንግ (ሴንሰር ባር) አትጣሏት። ለልጆች ትልቅ ነገር ነው።

አሳሳቢው ጌምፓዱ ነው። ለብቻው አዲስ ተሸጦ አያውቅም፣ ቢያንስ አሜሪካ ውስጥ። ከተሰበረ ያገለገለ መፈለግ ነው፤ እሱም ውድ ነው። ከጃፓን የመጣ ደግሞ ከአሜሪካው ሳጥን ጋር አይጣመርም። ሌላው፣ የኢንተርኔት መደብሩ በመጋቢት 2023 ለግዢ ተዘግቷል። በሚያዝያ 2024 በኢንተርኔት እርስ በርስ መጫወትም ቆሟል። ስለዚህ ዲስክ ያልሆነ ጌም በዋጋው ውስጥ አትቁጠሪ።

የሁለቱ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከ6ቱ ጌም 4ቱ ዲስክ ናቸው፤ 2ቱ ውስጡ የተጫኑ ናቸው አለኝ። በኢንተርኔት መጫወቱ አያስፈልገንም፤ እኔም ባይኖር እመርጣለሁ። የዊ ዲስኮቻችን ግን 9 ናቸው፤ ልጆቹ አልቅሰው ነበር። ያገለገለ ስዊች ይሻላል የሚል አለ?

ሄኖክ፦
ገንዘቡ ካለሽ ስዊች ረጅም ዕድሜ አለው። ግን የዊ ዲስክ አያነብም። ለእነዚያ 9 ዲስኮች ስትይ ከሆነ ዊ ዩውን ውሰጂ። ዋጋውን ግን አስቀንሺ።

ጥገና ላይ ያለሁ፦
ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ሰውየው ቤት ይከፈትልሽ። ጌምፓዱን ከቻርጀር ነቅለሽ ግማሽ ሰዓት ተጫወቺበት፤ ጤነኛ ባትሪ ሦስት ሰዓት ገደማ መያዝ አለበት። ስክሪኑን በጣትሽም በብዕሩም አራቱም ጥግ ድረስ ንኪው። ከዚያ ከዊ ዲስኮቻችሁ አንዱን ይዘሽ ሂጂና አስገቢው። ዲስክ ማንበቢያው ካንጎራጎረ ተይው።

የሁለቱ እናት፦
ቅዳሜ ልጆቹንም የቦውሊንጉን ዲስክም ይዤ እሄዳለሁ። በ90 ከሰጠኝ እወስደዋለሁ።