የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ቫልቩ አላርፍ አለኝ፤ ቱኒንግ (የመቆጣጠሪያው ቅንብር) ነው ወይስ ቫልቩ ራሱ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፐልፕ (የወረቀት ጥሬ ዕቃ የሆነው የእንጨት ገንፎ) በሚነጣበት ክፍል የክሎሪን ዳይኦክሳይዱን ፍሰት የሚቆጣጠረው ቫልቭ በየሁለት ደቂቃው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የፐልፑ ነጭነትም አብሮት ይዋዥቃል። ኦፕሬተሮቹ እንዳያንስ ብለው ኬሚካሉን አብዝተው እየሰጡ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ቱኒንጉን ሁለቴ ቀየርኩ፤ መወዛወዙ ዘገየ እንጂ አልጠፋም። ቫልቩ የሚሠራው ከ8 እስከ 12 በመቶ ተከፍቶ ነው።

የመሣሪያ ቴክኒሻን፦ ዘገየ እንጂ አልጠፋም ያልከው ራሱ ምልክት ነው። ሉፑን (ፍሰቱን እየለካ ቫልቩን የሚያዘውን ሥርዓት) ማኑዋል ላይ፣ ማለትም በእጅ ትእዛዝ ላይ አድርገህ ግራፉን ተመልከት። ፍሰቱ ከረጋ መንስኤው ፓምፑ ሳይሆን እዚያው ሉፑ ውስጥ ነው። ቀጥለህ የቫልቩን ትእዛዝ 0.5 በመቶ እያልክ ጨምር፤ በየመሃሉ ታገስ። ፍሰቱ ፍንክች ሳይል ቆይቶ ድንገት ከዘለለ ቫልቩ ይጣበቃል ማለት ነው፣ ቱኒንግ አያድነውም።

የጥገና ሠራተኛ፦ የፓኪንጉን (በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ) ብሎን በቅርቡ ያጠበቀ ሰው እንዳለ ጠይቅ። ትንሽ ሲሸት ሁሉም ቁልፍ ይዞ ይሮጣል፣ ዘንጉ ይታነቃል። ግን አደራ፣ መስመሩ ግፊት እያለው እንዳትነካው! ዝጋው፣ አፍስሰው፣ በውኃ እጠበው። የዚህ ጋዝ የሥራ ቦታ ገደብ 0.1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል አየር 0.1 ክፍል) ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት። ማኑዋል ላይ ፀጥ አለ። ሦስቴ ጨምሬ ምንም አልነበረም፣ በአራተኛው ዘለለ። ፓኪንጉም በእርግጥ ታንቆ ነበር፤ መስመሩ ታጥቦ ፓኪንጉ ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው ጭማሪ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ መዋዠቅ ግን ቀርቷል። ፐርኦክሳይድ (ሌላው ማንጪያ ኬሚካል) በሚሄድበት መስመር ላይ አነስ ያለ ትርፍ ቫልቭ አለን፤ እሱን ልግጠመው?

የፕሮሰስ መሐንዲስ፦ የቀረው መዋዠቅ ከቫልቩ ትልቅነት ይመስለኛል። 10 በመቶ ላይ የቫልቩ መዝጊያ መቀመጫው አጠገብ ነው፤ ቅንጣት እንቅስቃሴ ብዙ ፍሰት ይለውጣል። አነስ ያለ ትሪም (የቫልቩ ውስጠኛ መዝጊያና መቀመጫ) አስገባበት፣ በተለመደው ፍሰት መሃል አካባቢ ይሥራ። የፐርኦክሳይዱን ግን ተው። ስቴይንለስ 316 ከሆነ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ይበሳሳዋል፤ እዚህ ቲታኒየም ነው የሚያዋጣው። በተገላቢጦሹም ቲታኒየሙን ወደ ሞቃት አልካላይን ፐርኦክሳይድ አታዙረው፣ ፐርኦክሳይዱ ይበላዋል።

የጥገና ሠራተኛ፦ ፐርኦክሳይድ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ቦል ቫልቭ (በውስጡ በሚዞር ኳስ የሚዘጋ ቫልቭ) ካላችሁ፣ ሲዘጋ ኳሱ ወደ ግፊቱ በኩል ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጡ። ሲዘጋ ኳሱ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ይበሰብሳል፤ 50 በመቶው ፐርኦክሳይድ ከ1 ሊትር ወደ 200 ሊትር ኦክስጅን ያወጣል። መውጫ ካጣ ቫልቩን ያፈነዳዋል። ስትገጥሙም ቀዳዳው ከግፊቱ በተቃራኒ እንዳይዞር፤ ፈሳሹ በዚያ ያመልጣል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትሪሙን አዝዣለሁ፤ የቦል ቫልቮቹን ዛሬውኑ አንድ በአንድ አያለሁ።