ቄሱ ጸለየ ወይስ አመፀ? ስለ «ፖሳይደን አድቬንቸር» የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር መነሻው አንድ የቆየ ፊልም ነው። ጥያቄው ግን ከፊልም ያልፋል።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። «ፖሳይደን አድቬንቸር» እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። ዳይሬክተሩ ሮናልድ ኒም ነው። አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ከኒው ዮርክ ወደ አቴንስ እየሄደ ነው። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሌሊት፣ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሲጨፍር፣ ከባሕር ሥር የተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ግዙፍ ማዕበል ያስነሳል። መርከቡ ይገለበጣል። ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ይሆናል። የመንገደኞቹ ኃላፊ የሆነው ፐርሰር «እርዳታ እስኪመጣ እዚሁ ቆዩ» ይላል። ጂን ሃክማን የሚጫወተው ቄስ፣ ሬቨረንድ ስኮት፣ ደግሞ «መውጫው አሁን ከላያችን ነው፣ ተነሱ» ይላል። ጥቂቶች የገናውን ዛፍ እንደ መሰላል አድርገው ይከተሉታል። ሌሎቹ ይቀራሉ። ብዙ ሳይቆይ ባሕሩ አዳራሹን ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ የሚተርፉት ስድስት ሰዎች ናቸው። ስኮት ራሱ አይተርፍም።

ፊልሙን ስለ እምነትና ስለ ቤዛነት ነው ብለን ለወጣቶቻችን እናሳየው ወይስ አናሳየው? በጭንቅ ሰዓትስ የሚያምን ሰው ይቀመጣል ወይስ ይነሳል? ተወያዩ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
እኔ አናሳየው ባይ ነኝ። ፊልሙ ደካማ ነው አላልኩም። ካየኋቸው የአደጋ ፊልሞች ሁሉ ልቤን የያዘው እሱ ነው። የእምነት ፊልም ነው ሲባል ግን ዝም ማለት አልችልም።

ስኮት ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት መርከቡ ላይ ይሰብካል። ስብከቱን ልብ ብላችሁ ስሙት። ችግራችሁን እንዲፈታላችሁ እግዚአብሔርን አትለምኑ፣ በውስጣችሁ ያለውን ኃይል አንቁና ታገሉ ነው የሚለው። እግዚአብሔር የሚፈልገው አሸናፊዎችን ነው ይላል። ታዲያ ደካማው የት ይግባ? አልጋ ላይ የዋለች እናት የት ትግባ?

ይህን ያነሳሁት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። እዚያው ፊልም ውስጥ ጆን የሚባል ሽማግሌ ካህን አለ። «የሰበክኸው ለጠንካሮች ብቻ ነው» ይለዋል ስኮትን። በኋላ ስኮት ና ከእኛ ጋር ውጣ ሲለው ጆን ቁስለኞቹን ትቼ አልሄድም ይላል። ላድናቸው እንደማልችል አውቃለሁ፣ ልንሞትም እንችላለን፣ ግን አልተዋቸውም ነው መልሱ። ለእኔ በዚያ መርከብ ላይ የእምነት ሰው እሱ ነው። ፊልሙ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሰጥቶት ካሜራው ከስኮት ጋር ሽቅብ ይሄዳል።

ለንደኗ፦
መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። እኔ የምኖረው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት ግሬንፌል ታወር የሚባለው የመኖሪያ ፎቅ ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆችም ነበሩባቸው። ለነዋሪው የተሰጠው መመሪያ «ቤታችሁ ቆዩ» የሚል ነበር። እሳቱ ከተነሳበት ቤት አይወጣም ተብሎ የታሰበ መመሪያ ነው። ሕንፃው ግን ከውጭ በሚቀጣጠል ነገር ተሸፍኖ ስለነበር እሳቱ በግድግዳው ሽቅብ ሮጠ። መመሪያው የተሻረው የመጀመሪያው ስልክ ከተደወለ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ስለዚህ ያ ፐርሰር «እዚሁ ቆዩ» ሲል ፊልም መሆኑን እረሳለሁ። ስኮት ዛፉ ሥር ቆሞ ሰውን አንድ በአንድ ይለምናል። ተነሱ፣ እባካችሁ ተነሱ ይላል። እርስዎ ይህን ጉልበት ብለውታል። እኔ ፍቅር ነው የምለው። «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» የሚለውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።

የቀድሞ ባሕረኛ፦
እህቴ ያልሽው ልክ ነው። ግን መመሪያ ሁሉ ገዳይ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ያረፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስታውሱ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ስለነፉት ውኃው ወደ ጣሪያው ገፋቸው፣ መውጫ አጡ። አትንፉ ተብለው ነበር። በጭንቅ ሰዓት ቶሎ ብሎ አንድ ነገር ማድረግም ይገድላል።

እኔ ፊልሙን የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው። ስኮት መንገዱን ከየት አመጣው? ሮቢን ከሚባል ትንሽ ልጅ ነው። ልጁ መርከቡን ሲያስጎበኙት ፕሮፔለሩ ያለበት ቦታ ብረቱ አንድ ኢንች ብቻ መሆኑን ሰምቷል። አዋቂዎቹ ሲጨቃጨቁ ስኮት ልጁን አዳመጠ። መምህር ለጠንካሮች ብቻ ይሰብካል ካሉት ሰው ይህን አልጠብቅም።

ደግሞ መቀመጥና መነሳት ሁልጊዜ አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይጄሪያ ባሕር ላይ አንድ ጎታች ጀልባ ተገልብጦ ሰጠመ። ሃሪሰን ኦኬኔ የሚባለው ወጥ ሠሪ ብቻ ተረፈ። 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ አየር የቀረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ 60 ሰዓት ገደማ ቆየ። መዝሙረ ዳዊት እየደገመ ይጸልይ ነበር። ግን ከውኃው ከፍ እንዲል ፍራሽ ፈልጎ መቀመጫ ሠራ። ጠላቂዎቹ ሲደርሱ እጁን ዘርግቶ ነካቸው። እንግዲህ ይህ ሰው ተቀመጠ ትሉታላችሁ ወይስ ተነሳ?

የደሴ ልጅ፦
በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ ሰው ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ብለውታል። ስኮት ማሰሩን ያውቃል። መመካቱ ላይ ነው የሚያጠራጥረኝ። ወጣቶች ቢያዩት ግን ደስ ይለኛል፤ አብሯቸው የሚወያይ ትልቅ ሰው ካለ።

መጽሐፉን ያነበበ፦
ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ፊልሙ ከፖል ጋሊኮ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣ። መጨረሻው ግን ከፊልሙ ይለያል። በመጽሐፉ እነዚያ የቆሰሉ፣ በመርከብ ዘይት የተለወሱ፣ ወገኖቻቸውን ያጡ ሰዎች ወጥተው ሲያዩ፣ በመርከቡ ሌላ ጫፍ በኩል ከእነሱ የሚበዙ ሰዎች እየወጡ ነው። ብዙዎቹ የግብዣ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም። በሌላ መንገድ የሄዱትም ዳኑ ማለት ነው።

ፊልሙ ይህን አወጣው። ከስድስቱ በቀር የተረፈ የለም ይለናል። በዚያች ለውጥ ስኮት መቶ በመቶ ትክክል ሆነ፤ ያልተከተሉት ሁሉ ተሳሳቱ። ይህን ሳውቅ ፊልሙን የማይበት ዓይን ተለወጠ። እውነተኛ እምነት መጨረሻውን ሳያይ ነው የሚሄደው። መሪውን ልክ ያደረገው ስክሪፕቱ ከሆነ ለወጣቶች የምናስተምረው «ደፍሮ የጮኸውን ተከተሉ» የሚለውን ነው። አገራችን እንዲህ ብለው የጮኹ ሰዎችን አይታለች። ሁሉም ወደ መውጫው አልወሰዱንም።

ዳዊት ደጋሚ፦
ወደ መጨረሻው ትዕይንት ልውሰዳችሁ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። መውጫው በር ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ፍንዳታ ይመጣል። የፖሊሱ የሮጎ ሚስት ሊንዳ ወደ እሳቱ ትወድቃለች። በሩን ደግሞ የሚያቃጥል እንፋሎት ይዘጋዋል። ስኮት ዘሎ የእንፋሎቱ መዘውር ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ እሳትና ውኃ ነው። መዘውሩን እያዞረ ወደ ላይ ይጮኻል። እዚህ የደረስነው ያለ አንተ ነው፣ እንድትረዳን አልለመንንህም፣ እባክህ አትዋጋን ይላል። ስንት ደም፣ ስንት ነፍስ ይበቃሃል ይላል። ሌላ ነፍስ ከፈለግህ እኔን ውሰድ ይልና እንፋሎቱ ሲዘጋ እጁን ለቆ ይወድቃል።

ይህን አመፅ የሚለው ይኖራል። እኔ ጸሎት ነው እላለሁ። በየዕለቱ የምንደግመው ዳዊት «ተነሥ፣ ለምን ትተኛለህ?» ብሎ ወደ ጌታው ይጮኻል። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ከፈጣሪው ጋር ሙግት ገጠመ። መጨረሻ ላይ ቅን ነገር አልተናገራችሁም የተባሉት በጨዋ ቃል እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት ሦስቱ ወዳጆቹ ናቸው። ሙሴስ? ሕዝቡ በበደለ ጊዜ ይቅር በላቸው፣ ያለዚያ ከጻፍኸው መጽሐፍ ደምስሰኝ አለ። ስኮት መዘውሩ ላይ ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሙሴም ሕዝቡን እስከ ደጁ አድርሶ ራሱ አልገባም።

በማያምነው አምላክ ላይ እንዲህ የሚጮኽ ሰው የለም። የተወ ሰው ዝም ይላል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
ጥሩ ተናገርክ ወንድሜ። ኢዮብን ስታነሳ ልቤ ተነክቷል። ግን ኢዮብ በመጨረሻ በትቢያና በአመድ ላይ ሆኖ ንስሐ ገባ። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ መለሰለት። በፊልሙ መልስ የለም። እንፋሎቱ የቆመው በስኮት ክንድ ነው። ሙሴም ደምስሰኝ ሲል «ያለ አንተ መጣን» አላለም። ራሱን መስጠቱን አልክድም፤ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ለወንድሙ ሲሞት እሰግድለታለሁ። እሱን ከእምነት ጋር አንድ ሲያደርጉብኝ ነው የማልስማማው።

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ ስኮት ስታወሩ ቤል ሮዘንን ረሳችኋት። ሼሊ ዊንተርስ የምትጫወታት ወፍራሟ አይሁዳዊት አያት። ከባሏ ከማኒ ጋር ያላዩትን የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ወደ እስራኤል እየሄዱ ነው። ጉዞው ላይ ሸክም ሆንኩባችሁ እያለች ስትሳቀቅ ነው የምናያት። በውኃ የተሞላ ክፍል ሲገጥማቸው ስኮት ገመድ ይዞ ይጠልቃል፤ ብረት ይጫነውና ይያዛል። ቤል በወጣትነቷ የውኃ ውስጥ ዋና ሻምፒዮን ነበረች። ማንንም ሳትጠብቅ ገብታ ታስለቅቀዋለች። ወዲያው ልቧ መድከም ይጀምራል። አንገቷ ላይ የነበረውን፣ በዕብራይስጥ «ሕይወት» የሚል ጌጥ አውልቃ ለልጅ ልጇ እንዲደርስ ለስኮት ሰጥታ ትሞታለች።

ከእግዚአብሔር ጋር አልተጣላችም። ስብከትም አላሰማችም። ለጠንካሮች ብቻ የሚሰብከውን ሰው ያዳነችው ከሁሉ ደካማ የተባለችው ናት። መምህር፣ የጠየቁት «ደካማው የት ይግባ» ፊልሙ ውስጥ መልስ አለው። የስኮት ስብከት የወደቀው ያኔ ነው። ሬሳዋን ታቅፎ ሲያለቅስ ያ «ታገሉ» ባይ ሰው የለም።

ለእኔ ቤዛነት የሚታየው በሮጎም ላይ ነው። መንገዱን ሁሉ ከስኮት ጋር ሲጣላ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱ ስትሞት አንተ ገደልካት ብሎ ይጮኽበታል። ስኮት ሲወድቅ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ያ ዓይን አፋሩ ማርቲን፣ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ የኖረው፣ ነው የሚቆጣው። እስካሁን ማማረር እንጂ ምን ሠራህ ይለዋል። ሮጎም ተነስቶ የቀሩትን ያሻግራል። የማይፈልገውን አደራ ተቀበለ። በሥራዬ ብዙ የሞት አልጋ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰው ከተሰበረ በኋላ ሲነሳ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እንዲሁ ነው፣ እያለቀሰ።

መጽሐፉን ያነበበ፦
ቤል ላይ አልከራከርሽም። እሷ ካለች ፊልሙ ይታይ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
እኔም ስለ ቤል የምለው የለኝም። እሺ፣ ይታይ። ግን «የእምነት ፊልም» የሚል ማስታወቂያ አይለጠፍ። ጆን ቁስለኞቹ ጋ የሚቀርበት ቦታ ላይ ቆም ተብሎ ውይይት ይደረግ። ልጆቹ ለስኮት ከማጨብጨባቸው በፊት የቀረውን ሰው ይዩ።

ለንደኗ፦
በዚህ እስማማለሁ መምህር። እኔ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፐርሰሩንም አይዝለሉት። ክፉ ሰው አይደለም። ሰውን ለማረጋጋት ነው የሚሞክረው። የሚያውቀውን ደንብ ነው የሚደግመው፣ እሱም እዚያው ነው የሚሞተው። ልጆቹን ስለ እሱ ይጠይቋቸው። የሚታመን ሰው «ቆዩ» ሲላችሁ፣ ደንቡ የማይሠራበት ሰዓት መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? ማንን ትሰማላችሁ? ነገ ከነሱ አንዱ የሕንፃ ጥበቃ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይሆናል።